ሐምሌ ዐሥራ ስድስት የተወለድን ሁላችን

በእኔ ልጅነት የቡታጅራ ሰው የሚወለደው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ እሱም ሐምሌ ዐሥራ ስድስት። ልብስ ሰፊው ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ተወለደ። ሁለቱ ሥጋ ሻጮች፣ አንዱ ለክርስቲያን አንዱ ለእስላም የሚያርዱት፣ ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ተወለዱ። በአንድ የአጥር ድንበር ተካስሰው ፍርድ ቤት የከረሙ ሁለት ጎረቤታሞችም ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ተወለዱ። አንዲት ሴት ከገዛ ልጇ ጋር በአንድ ቀን ተወልዳለች፤ ዓመታቸውም አንድ ነበር፣ የተለየው ዳኛው አንብቦ ሲስቅ ጊዜ ነው። ጃንሆይም የተወለዱት ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ነው። እሳቸው ግን ቀድመውን ስለተወለዱ ከኛ ገለበጡ ማለት አይቻልም።

ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ቀን የወለደው አባቴ ነው። አባቴ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ እግሯ በድንጋይ የተደገፈች ጠረጴዛ ዘርግቶ ይውላል። ከሳሹም ተከሳሹም፣ ይግባኝ ባዩም የሚያስጽፉት እሱ ዘንድ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ የክሱንም የመልሱንም ወረቀት እሱው ይጽፍና ሁለቱንም ያስፈራቸዋል። ከሁሉ የሚበዛው ደንበኛ ግን ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት የዕድሜ ማስረጃ የሚያስጽፍ ወላጅ ነበር። ትምህርት ቤቱ ቀን፣ ወርና ዓመት ይጠይቃል። ሰዉ ደግሞ እንዲያ ብሎ አልወለደም።

«ልጁ መቼ ተወለደ?» ይላል አባቴ ብዕሩን ቀለም ውስጥ እየነከረ።

«አንበጣ በወረደ ሰሞን።»

«ወሩስ?»

«እንሰት ልንቆርጥ ስንል።»

«እንሰት የምትቆርጡት በየትኛው ወር ነው?»

«ሲርበን።»

በዚህ ዓይነት ጠዋት የጀመረው አንድ ማስረጃ እስከ ምሳ አያልቅም። የተሰላቸው አባቴ ታዲያ አንድ ዘዴ ፈጠረ። ዘዴው የጉራጌን ኑሮ ለሚያውቅ ሰው ያን ያህል ውሸት አይደለም። ባል አዲስ አበባ ነው፤ ጫማ ይጠርጋል፣ ሱቅ ይጠብቃል፣ መርካቶ ይሸከማል። ዓመቱን ሙሉ ድምፁ አይሰማም። ለመስቀል ግን ቢታመምም ይመጣል። ክትፎውን ይበላል፣ ዘመድ ይጠይቃል፣ ከሚስቱ ጋር ይሰነብታል፣ ይመለሳል። «እንግዲህ አንተው ቁጠር» ይል ነበር አባቴ ጣቶቹን በደንበኛው አፍንጫ ሥር ዘርግቶ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለ ሲሄድ የሚያርፈው ሰኔ ወይ ሐምሌ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የቀረው ቀን መምረጥ ብቻ ነበርና፣ ማንም የማይሰርዘውን ቀን መረጠ። የጃንሆይን ልደት «ይህ ቀን ልክ አይደለም» ብሎ የሚመልስ የመዝገብ ቤት ሹም ገና አልተወለደም፤ ቢወለድም ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ነው።

ሙስሊሙ አገሩ የሚገባው ለአረፋ ነው፤ አረፋ ደግሞ በየዓመቱ ቦታውን ይለውጣል። ስለዚህ የጣት ቆጠራው ለነሱ አይሠራም። አባቴ ግን በሃይማኖት የሚያዳላ ሰው አልነበረም፤ እነሱንም ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ላይ ጻፋቸው። መንትያ ልጆች ይዞ የመጣ አንድ ገበሬ «ሁለቱም ትምህርት ቤት ከገቡ ከብቱን ማን ያያል?» ቢለው፣ አንደኛዋን ሐምሌ ዐሥራ ስድስት፣ ሁለተኛዋን በዓመቱ ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ወልዶ ሰጠው። እናትየው በመሐል ምን ስታደርግ እንደከረመች የጠየቀ የለም። ወልቂጤ ያለው ባልደረባው የዘውድ በዓልን፣ ጥቅምት ሃያ ሦስትን ነበር የሚመርጠው አሉ። አባቴ ይህን ሲሰማ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ከመስቀል እስከ ጥቅምት ሃያ ሦስት አንድ ወር ከሳምንት ነውና፣ የወልቂጤ ሴት በአንድ ወር ትወልዳለች ወይ ይላል።

በከተማው ውስጥ ሌላ ቀን የተሰጠኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። የኔ ጥር ሁለት ነው። ጥር ሁለት ምን አለ? ምንም። ገና አልፏል፣ ጥምቀት አልደረሰ። አባቴን ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ያንቺ እውነተኛው ነው» ይለኝና ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። እናቴ እኔን ስትወልድ እንደሞተች አውቃለሁ፤ ይህን ያልነገረኝ ሰው የለም። ስለዚህ ጥር ሁለትን ብጠላት ማንም አይፈርድብኝም ብዬ አስብ ነበር።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ጃንሆይ ሰማንያ ሊሞላቸው ሆነ። በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ አዲስ ሹም ተላከልን። ጭቃችንን ሳያይ የተገዛ የሚያብረቀርቅ ጫማ የነበረው ሰው ነው። ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኝ መጣና የተማሪዎቹን መዝገብ ይገልጥ ጀመር። አንድ ገጽ ገለጠ፤ ሐምሌ ዐሥራ ስድስት። ሌላ ገለጠ፤ ሐምሌ ዐሥራ ስድስት። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ዲሬክተሩ አፈር ሊበላ ደርሶ ነበር፤ አሁን ታሰርኩ ብሎ። ሹሙ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ይህን ሁሉ ሕፃን ከግርማዊነታቸው ጋር ያስወለደ አምላክ ይመስገን!» አለ። ዲሬክተሩም ወዲያው አብሮት አማተበ።

ትእዛዝ ወጣ። በዚያ ቀን የተወለዱ ልጆች ሁሉ ነጭ ሸራ ጫማ ይሰጣቸዋል። በበዓሉ ዕለት ከፊት ይሰለፋሉ፣ ሥጋና ዳቦ ይበላሉ። አንድ በአንድ ስማቸው እየተጠራ በአደባባይ «እንኳን ተወለድክ፣ እንኳን ተወለድሽ» ይባላሉ። የክፍል ጓደኞቼ በጫማው አበዱ። እኔም ጫማውን አልጠላሁም፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ግን ያቃጠለኝ ሌላው ነው። እኔ ስወለድ እናቴ ሞታለች፤ ዕልል የሚል ሰው አልነበረም። ከዚያም በኋላ እንኳን ተወለድሽ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። የሚሉኝ «እናቷን የቀበረች» ነበር፣ ያውም ፀጉሬን እየዳበሱ። በዚያ አደባባይ አንድ ጊዜ ብቻ ስሜ እንዲጠራ ፈለግኩ።

«አባዬ፣ ለአገሩ ሁሉ ጽፈህ የለም? ለኔም ጻፍልኝ» አልኩት።

«አይሆንም።»

«ለሰካራሙ ዘበኛ ጽፈህለታል!»

«ለሱ ጻፍኩ። ላንቺ አልጽፍም።»

አባቴ በሕይወቱ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ያን ቀን ጠረጴዛዋን በቡጢ መታና የተደገፈችበት ድንጋይ ተንሸራቶ ቀለሙ ተደፋ። እኔም እያለቀስኩ ወደ እቴቴ ቤት ሄድኩ።

እቴቴ ጎረቤታችን ናት፤ በርበሬ ነጋዴ፣ ሙስሊም። እናቴ ስትሞት የራሷን ጨቅላ በአንድ ጡት፣ እኔን በአንድ ጡት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ያን ዕለት የማረቆ በርበሬ ዘርግታ ስትለቅም ነበር። ቁጭ ብዬ እያስነጠስኩም እያለቀስኩም ነገርኳት። አባቴ ለሰው ሁሉ የሰጠውን ቀን እንደከለከለኝ፣ ጨካኝ እንደሆነ፣ ምናልባትም አባቴ እንዳልሆነ። እቴቴ እጇ ላይ የነበረውን በርበሬ ወረወረችው።

«ወላሂ፣ ከዚህ ሁሉ ቀጣፊ መሐል በዚያ ቀን የተወለድሽው አንቺ ብቻ ነሽ!» አለች።

ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች፤ እጇ በርበሬ ስለነበር ደግሞ ከንፈሯ ተቃጠለ። ውሃ ካጠጣኋት በኋላ ሊቆም የማይችለውን ወሬ ቀጠለች። እኔ የተወለድኩት ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ሊነጋጋ ሲል ነው። እናቴ ረፋዱ ላይ ሞተች። ከተማው የጃንሆይን ልደት ሊያከብር ተሰልፏል፣ ባንዲራ ተሰቅሏል፣ ካህናቱ ሁሉ አደባባይ ላይ ናቸው። አባቴ ፍትሐት የሚያደርስ ቄስ ሊፈልግ ሮጠ። አንድ ፖሊስ አስቆመውና ንግግሩ እስኪያልቅ ጠብቅ አለው። ቤት ውስጥ የነበሩት ሴቶች ዋይታ ቢጀምሩ፣ ሌላ ፖሊስ መጥቶ በዛሬ ቀን የለቅሶ ድምፅ እንዳይሰማ ብሎ አፈናቸው።

«ነጠላችንን ነክሰን ነው የቀበርናት» አለች እቴቴ። «አባትሽ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ትንፍሽ አላለም። ያኔ የዋጠውን ይኸው እስካሁን አልተፋውም። ቀኑን አንስቶ ጥር ላይ ጣለልሽ። እኛንም አስማለን።»

አባቴ በየዓመቱ ሐምሌ ዐሥራ ስድስት በዝናብ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ያመሻል። እኔ ኪዳነ ምሕረት ስለሆነች ነው ብዬ ነበር የማስበው።

በማግስቱ ጠዋት ከደንበኞቹ ጋር ተሰልፌ ወረፋ ጠበቅኩ። ከፊቴ በፍየል የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ አስጽፈው፣ ተራግመው ሄዱ። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ማመልከቻ ላስጽፍ ነው» አልኩ።

ሊስቅ ቃጣው። የትናንቱ ቁጣ ቆጭቶት ኖሮ ጨዋታውን ተቀበለኝ፤ ብዕሩን አነሣና ድምፁን አወፈረ። «በምን ጉዳይ፣ እመቤቴ?»

«የተወለድኩበት ቀን እንዲታረም።»

«መቼ ተወለድኩ ነው የምትይ?»

«እናቴ የሞተች ዕለት።»

ብዕሩ አየር ላይ ቀረ። ከኋላዬ ያሉት ደንበኞች አንገታቸውን አሰገጉ። አባቴ ማን ነገረሽ አላለኝም፤ ቀሚሴ ገና የእቴቴን ቤት በርበሬ ይሸት ነበር።

«ያን ሁሉ ልጅ ለምን እዚያ ቀን ላይ ጻፍክ?» አልኩት።

ብዕሩን አስቀመጠ። «ሐምሌ በመጣ ቁጥር ያ ቀን ብቻውን ይመጣብኛል» አለ። «ሰው ይብዛበት ብዬ ነው።»

«እኔንስ ለምን አወጣኸኝ?»

«አንቺን ባየሁ ቁጥር ትዝ እንዳይለኝ።»

«ታዲያ ረሳህ?»

«አልረሳሁም።»

ከዚያ ጻፈ። እጁ ወርቅ የነበረ ሰው ሦስት ወረቀት አበላሸ። ቅጥፈት ሲሆን ዓይኑን ሳያሽ ይጽፈው የነበረውን ቀን፣ እውነት ሲሆን መጻፍ አቃተው። በአራተኛው ተሳካለት፤ ደንበኞቹን ሁሉ ትቶ እጄን ይዞኝ ወደ መዝገብ ቤት ሄድን። እቴቴንም ለምስክርነት ከነበርበሬ አቧራዋ ይዘናት ሄድን።

መዝገብ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ነበር። የጫማው ወሬ እስከ ጎረቤት ከተማ ቆሼ ደርሶ፣ ልጁን በጃንሆይ ቀን ያላስወለደ ሁሉ ሊያስወልድ መጥቷል። አንድ ሽማግሌ ጢሙ የበቀለ ልጁን ይዞ ቆሟል፤ ለአካሉ የሚበቃ ጫማ ካለ ብሎ። የመዝገብ ቤቱ ሹም ወረቀታችንን ተቀብሎ አነበበና አባቴን ቀና ብሎ አየው። ሁለቱ ለዓመታት የኖሩት አንዱ ሲቀጥፍ ሌላው በማኅተም ሲያጸድቅ ነው።

«አንተ ሰውዬ» አለው፣ «ይህን ጉድ ያመጣብኝ አንተ ነህ። ከአዲስ አበባ የመጡት ሹም ዝርዝሩ ተዘግቷል ብለዋል። ደግሞ አሁን የገዛ ልጅህን?»

«የሷ እውነት ነው» አለ አባቴ።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ጢሙ የበቀለው ልጅም ሳቀ።

እቴቴ ወደ ፊት ወጣች። «እኔ ምስክር ነኝ፤ በእጄ ነው የተቀበልኳት። የሙሐረም ወር ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው።»

«በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተናገሪ።»

«ፖሊስ እንዳናለቅስ የከለከለን ቀን ነው! ይህ በማን አቆጣጠር ነው?»

የመዝገብ ቤቱ ሹም ሳቁን አቆመ። ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን አጥፎ ለአባቴ መለሰለትና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ለሰው ሁሉ ባትጽፍ ኖሮ አምንህ ነበር» አለው። አባቴ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ወጣን። እኔም ስሜ እንደማይጠራ ገባኝና ከዚያ በላይ አላስቸገርኩትም።

በዓሉ ደረሰ። ሐምሌ እንደ ልማዱ ከሌሊት ጀምሮ ዘነበ። ነጩ ሸራ ጫማ ከቡታጅራ ጭቃ ጋር የተዋወቀ ዕለት ምን እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል፤ ልጆቹ አደባባይ ሳይደርሱ ግማሹ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ነበር። መንትዮቹ አራቱን ጫማ በእጃቸው አንጠልጥለው በባዶ እግራቸው ተሰለፉ። ከወላጆቻቸው ጋር ከተማው ሁሉ ወጥቷል። አባቴ ጥቁሩን ጃንጥላ ዘርግቶ እኔን ከሥሩ አስገባኝና ወደ አደባባዩ የምንሄድ መስሎኝ ስከተለው፣ ከአደባባዩ በላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ታጠፈ። እቴቴ ተከትላን መጥታ ከአጥሩ ውጭ ቆመች።

የእናቴን መቃብር ከዚያ በፊት ዓይቼዋለሁ፤ በዚያ ቀን ግን ወስዶኝ አያውቅም። ጎን ለጎን ቆምን። ከታች በድምፅ ማጉያው የልጆቹ ስም ይሰማል። አንድ ስም፣ «እንኳን ተወለድክ!»፣ ዕልልታ። ሌላ ስም፣ «እንኳን ተወለድሽ!»፣ ዕልልታ። አባቴ እያንዳንዱን ያውቀዋል፤ ሁሉንም በገዛ እጁ ወልዷቸዋል። ዐሥር ያህል ስም ካዳመጠ በኋላ ጃንጥላውን አጠፈና ዝናቡ ፊቱን እንዲመታው ተወው። ወደ እኔ ዞሮ ስሜን ጠራ።

«እንኳን ተወለድሽ» አለኝ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። አባቴ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ዋይታ ከወንድ ልጅ አፍ ሰምቼ አላውቅም። እጁን አናቱ ላይ አድርጎ፣ የእናቴን ስም እየጠራ፣ የተለየችው አሁን ገና እንደሆነ ሁሉ ጮኸ። ከአጥሩ ውጭ እቴቴ ደረቷን እየመታች ተቀበለችው። እኔም ያላየኋትን እናቴን እየጠራሁ ጮኽኩ። በጣም ፈርቼ ነበር፤ በጃንሆይ ልደት፣ ያውም በሰማንያኛው!

በኛ አገር ዋይታ የሰማ ሰው ማን እንደሞተ ሳያውቅ ነው የሚሮጠው። የአዲስ አበባው ሹም ገና ስም እየጠራ ነበር። መጀመሪያ ከኋላ የቆሙት ሴቶች ዞሩ፣ ከዚያ ወንዶቹ፣ ከዚያ ልጆቹ ወላጆቻቸውን ተከትለው ሰልፉን ጥለው ወጡ። ልብስ ሰፊው፣ በድንበር የተካሰሱት ጎረቤታሞች፣ ጢሙ የበቀለው ልጅ፣ በጃንሆይ ቀን የተወለደው ሁሉ ዳገቱን በሩጫ ወጣው። ሙስሊሞቹ አጥሩ ላይ ከእቴቴ ጋር ቆሙ። ሁለት ፖሊሶችም ዱላቸውን ይዘው አብረው ደረሱ።

«ማን ሞተ?» አለ ቀድሞ የደረሰ አንድ ሽማግሌ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ሚስቴ» አለ አባቴ።

ሚስቱ ከሞተች ዐሥራ ሁለት ዓመት እንደሆናት የማያውቅ ሰው በመሐላቸው አልነበረም። ሽማግሌው አባቴን አየው፣ እኔን አየኝ፣ የመቃብሩን ድንጋይ አየ።

«መቼ?» አለው።

«ዛሬ ጠዋት።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ትልቁ ፖሊስ ቆቡን አወለቀ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ወንዶቹም ከጭቃው ላይ ቁጭ ቁጭ አሉና ለቅሶው ተጀመረ።